ሽቅብ የተመለሰ ሽንት

የስድስት ዓመት እህቴን ሽንቷ እያቃጠላት ለሦስተኛ ጊዜ ትኩሳት ሲጥላት፣ እናቴ ደብረ ማርቆስ ወዳለ ክሊኒክ ወሰደቻት። በሽተኛ የሚያየው ድሬሰር፣ የጤና ረዳቱ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ «ፀሐይ ያጋለው ድንጋይ ላይ ሸንታ ነው» አለ። ጎረቤቶቻችንም የሚሉት ይህንኑ ነበር፤ የተማረ ሰው ሲደግመው ግን ሕክምና ይባላል።

እናቴ፣ «ጌታዬ፣ የምትሰጧትን ክኒን በጨረሰች በወሩ ሕመሙ ይመለስባታል እኮ» አለችው።

«ሐኪሙ ማነው፣ እመት? እርስዎ ነዎት ወይስ እኔ?» ብሎ ሳቀባት።

ከዓመት በኋላ አዲስ አበባ ራጅ ያነሳት ዶክተር፣ ሽንቷ ከፊኛዋ ወደ ኩላሊቷ ሽቅብ እንደሚመለስና አንዱ ኩላሊቷ እንደሞተ ነገረን። «ትኩሳቱ ሲደጋገም ይህን መጠርጠር ነበር፤ ለምን ቀድመው አላመጧትም?» ብሎ እናቴን ተቆጣ።

የጠረጠረችው እሷ ብቻ ነበረች። አንገቷን ደፍታ፣ «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ይቅርታ ነው።