ሃሎኑን ስንሰበስብ

መቱ የአካባቢ ጥበቃ ቢሮ ሥራ የገባሁ ዕለት ኃላፊዬ ጋሼ መኮንን የምቀመጥበትን ወንበር እንኳ ሳያሳዩኝ ሥራዬን ነገሩኝ። "ሃሎን የሚባል ጋዝ ያለበትን እሳት ማጥፊያ በሙሉ ሰብስበህ እዚህ ታከማቻለህ። ጋዙ የኦዞንን ሽፋን ስለሚጎዳ ተከልክሏል። አንዱም እንዳይተነፍስብህ።"

የቴክኒሺያንነት ሥራዬ ከባድ አልነበረም። የግፊት መለኪያውን አያለሁ፣ ፒኑን በሽቦ አስሬ አሽጋለሁ፣ ሲሊንደሩን ጭኜ እመለሳለሁ። ባለንብረቱ አዲሱ የዱቄት ማጥፊያ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ይታገሣል።

ጎሬ ላይ የቡና መጋዘን ያላቸው እትዬ ዘሀራ ግን ነገሩ አልተዋጠላቸውም።

"እሳት ቢነሳ በምን ላጥፋ?" አሉኝ።

"ምትኩ እስኪመጣ ይጠንቀቁ፣ እትዬ።"

"እስካሁን በክብሪት ስጫወት የኖርኩ መሰለህ?"

ሲሊንደሩን ግን ወሰድኩ።

ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እሳት ማጥፊያ ለሌለው መጋዘን ፈቃድ አይታደስም። ፈቃድ ከሌለ ደግሞ እትዬ ዘሀራ የዓመቱን ቡና መረከብ አይችሉም። ሃሎኑን መያዝ ክልክል፣ ያለ ማጥፊያ መክረምም ክልክል። ሴትዮዋ በሚኒባስ እየተመላለሱ የእኛን ቢሮ ደጅ ሲጠኑ ከረሙ።

አንድ ቀን እሳቸው ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው ሳለ፣ መዝገብ ቤታችን ውስጥ ሻይ የሚፈላበት የኤሌክትሪክ ምድጃ እሳት አስነሳ። ሲሊንደሮቹ ከግድግዳው ማዶ ተደርድረዋል። እኛ የእሳት ማጥፊያ ባለሙያዎቹ ባልዲ ይዘን ወደ ቧንቧው ሮጥን። ውሃ የለም።

ስንመለስ እትዬ ዘሀራ የራሳቸውን ሲሊንደር ለይተው አንስተዋል። ጋሼ መኮንን በሩ ላይ ተገትረው ይለምኗቸዋል። "እትዬ፣ እባክዎ፣ ኦዞኑ…"

"ማሎ፣ እባክዎ ጋሼ፣ ዞር ይበሉልኝ። እሳቱ ግድግዳውን ካለፈ ሲሊንደሩ ሁሉ ይፈነዳል። ያኔ ለኦዞኑ ምን ብለው ሊነግሩት ነው?"

ጋሼ ዞር አሉ። ሴትዮዋ እሽጌን በጥሰው፣ ፒኑን ነቅለው ረጩት። እሳቱ ወዲያው ጠፋ። አፈርኩም፣ ደስም አለኝ።

ጋሼ መኮንን አመዱ መሃል ቆመው ደንቡን አሰላሰሉ። የተከለከለው ጋዙ ስለሆነ ባዶው ሲሊንደር ለባለቤቱ ይመለስ አሉ። እትዬ ዘሀራ ጎሬ ወስደው ግድግዳቸው ላይ ሰቀሉት። ከሌላ መሥሪያ ቤት የመጣው የፈቃድ ተቆጣጣሪ ቀና ብሎ አየና "ማጥፊያ አለ" ብሎ ፈቃዱን አደሰ።

ያ ሁሉ ቡና ባዶ ቆርቆሮ እየጠበቀው ከረመ። እኔም ከጎሬ ስልክ በተደወለ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይል ነበር። የዱቄቱ ማጥፊያ የደረሰው ቡናው ተሸጦ ካለቀ በኋላ ነው።

ለጀማሪ ቴክኒሺያን የምለው ይህንኑ ነው፦ ምትኩን ሳትይዝ የሰው እሳት ማጥፊያ አታንሳ።