የእታለም ድርሻ

ይህን ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም። ንስሐ ስገባ ትንንሹን ኃጢአት እየለቀምኩ ሰጠኋቸው፤ ይኼን ግን ዋጥኩት። ለማታውቁኝ ለእናንተ መናገር እንዴት ቀለለኝ?

በደርግ ጊዜ ነው፣ አንኮበር፣ ዝናብ በጠፋበት ዓመት። እኔና ባለቤቴ እርከን እየሠራን፣ ለሥራው በሚሰፈርልን የእርዳታ ስንዴ እንኖር ነበር። እታለም የምንላት የባለቤቴ ታላቅ እህት ከገደል ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሮ መደብ ላይ ቀርታለች። ወፍራም ነበረች፤ ፊቷም ሞላ ያለ። ንፍሮውን የማካፍለው እኔ ነኝ። የቀነስኩባትም እኔው ነኝ። እኛ ድንጋይ ተሸክመን እንውላለን፤ ተጋድሞ የሚውል ሰው ጉልበቱን በምን ይጨርሳል? ውፍረቷ ያቆያታል አልኩ።

«አንቺ፣ ዛሬስ ንፍሮውን ቆጥረሽ ነው እንዴ የሰጠሽኝ?» አለችኝ እየሳቀች።

«ምን ሠርተሽ ይርብሻል፣ እታለም?»

«መተንፈሱስ? ለሱ ማን ስንዴ ይስፈርልኝ?»

ሳቅኩ። በማግስቱም ቀነስኩ። ጾም ነው፣ ለነፍስሽ ይሆንሻል እያልኩ ቀነስኩ። ባለቤቴ ሲጠይቀኝ «በልታለች» እለዋለሁ። የቀነስኩትንስ ለማን ሰጠሁት? እኔ በላሁት። ጓዳ ቆሜ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ በላሁት። እታለም እየሟሸሸች ሄዳ ሰኔ ሳይገባ ሞተች። ስብራቱ ነው የገደላት ተባለ።

አሁን ባለቤቴና እኔ ጅማ ነን፣ ልጆቻችን ዘንድ። በቀደም ሐኪሙ ጉበትሽ ስብ ይዟል፣ ተንቀሳቀሺ አለኝ። እንደ ዘበት ጠየቅኩት፤ ተኝቶ የሚውል ሰውስ ምግብ ያስፈልገዋል?

«እንዴ እማማ! ልብ ይተኛል? ጉበት ይተኛል? ከምንበላው ብዙው የሚያልቀው እነሱን ለማኖር ነው እኮ። የወፈረ ሰውም ቢሆን ያው ነው» አለኝ።

አላወቅኩም ነበር ብዬ ላመካኝ? ርቦኝ የሰው ድርሻ የበላሁ ሴት፣ ረሃብ ምን እንደሆነ አጥቼው ነው?

ዘንድሮም በሙት ዓመቷ ዕለት ባለቤቴ ልጆቹን ሰብስቦ፣ «እህቴን እንደ እናታችሁ ያስታመማት የለም» አላቸው። ይቅርታ የምጠይቃት እሷ የለችም፤ እሱ ግን እዚያው ፊቴ ተቀምጧል። ልናገር ከንፈሬን አላቀቅኩ።

«እግዜር ዋጋሽን ይክፈልሽ» አለኝ።

«አሜን» አልኩ።