የጨመርኩት በዓል

ቅስና ተቀብዬ ደብሩን የረገጥኩት በግንቦት ወር፣ ማክሰኞ ቀን ነው። ከቀየት ከተማ ተነስቼ በጉም ውስጥ አራት ሰዓት በእግሬ ተጉዣለሁ። የደብሩ አስተዳዳሪ መምሬ ጌጤ ከቤተ ልሔሙ የጓሳ ሣር ክዳን ሥር ቆመው ጠበቁኝ።

«ቅዳሴ ትችላለህ?» አሉኝ።

«እችላለሁ አባቴ።»

«እሱ ቀላሉ ነው» ብለው ወደ ደወሉ ወሰዱኝ። ደወሉ ከጥድ ላይ የተንጠለጠለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። «ማዶው ሲጠቁር ይሄን ትደውላለህ፤ መስቀልህን ይዘህ ትወጣለህ። ይህ ሕዝብ ከካህን የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው። ሲሞት እንድትፈታው፣ በረዶ ሲመጣ እንድትመልስለት።»

«በረዶ ይመለሳል እንዴ?»

«ካልተመለሰ ምን እንደምትላቸው ቀስ ብለህ ትማራለህ» አሉ። እየቀለዱ አልነበረም።

አርባ የሚሆኑ ቤተሰቦች በንስሐ ልጅነት ተሰጡኝ። የንስሐ አባት ሥራ ከውጭ ለሚያየው ጠበል መርጨትና መስቀል ማሳለም ይመስላል። ዋናው ግን ማሰርና መፍታት ነው። ሰው ስእለቱ ሲከብደው፣ ጾሙ ከአቅሙ በላይ ሲሆን፣ በብስጭት የማለው መሐላ ሲያስጨንቀው መጥቶ «ይፍቱኝ» ይላል። ካህኑ መዝኖ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ይላል። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። በእርሷ ብቻ የታመመ ሲበላ፣ የተጣላ ሲታረቅ አይቻለሁ።

ስለ በዓላትም ልናገር፣ ነገሬ ሁሉ በእነርሱ ላይ ነውና። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በየወሩ ሥራ የሚከለከልባቸው ግዝት በዓላት ሦስት ናቸው፤ በአሥራ ሁለት ሚካኤል፣ በሃያ አንድ ማርያም፣ በሃያ ዘጠኝ በዓለ ወልድ። በዚህ ላይ ሰንበትና ታላላቆቹ ዓመታዊ በዓላት አሉ። ከዚያ ያለፈው አገሬው ራሱ ወዶ ያከበረው ነው። በእኛ ደብር አምስት፣ ሰባት፣ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ ሦስት፣ ሃያ ሰባት ሁሉ ማጭድ አይነሳም ነበር። ልዩነቱን ማንኛውም የአብነት ተማሪ ያውቀዋል። ገበሬው አያውቀውም፤ የሚነግረው የለምና።

በሦስተኛ ዓመቴ ሐምሌ አሥራ አራት ቀን የወረደ በረዶ የደብሩን የታችኛውን ወገን የበልግ ገብስ ጠራርጎ ወሰደው። በማግስቱ የሰንበቴው መሪ አያ ሽብሩ ሽማግሌዎቹን አስከትለው መጡ። አያ ሽብሩ ክፉ ሰው አልነበሩም። ሁለት ሄክታር የማይሞላ መሬት ይዘው ስምንት ነፍስ ያሳደጉ፣ ቃላቸው የሚከበር ገበሬ ነበሩ።

«መምሬ፣ አሥራ አራት አቡነ አረጋዊ ነው። ሳናከብራቸው ቀርተን ነው የተቀጣነው። ከእንግዲህ በየወሩ ይታሰርልን» አሉ።

መምሬ ጌጤ ታመው ተኝተው ነበር። ሄጄ ልጠይቃቸው እችል ነበር፤ ቤታቸው ከደጀ ሰላሙ ሃምሳ እርምጃ አይርቅም። አልሄድኩም። ሽማግሌ ሁሉ እኔን «አባታችን» ብሎ ሲቆም የመጀመሪያዬ ነበርና ደስ አለኝ። መስቀሌን ይዤ ከደጀ ሰላሙ በር ላይ ቆምኩና በአሥራ አራት ቀን ሞፈር የሚያነሳ፣ ማጭድ የሚይዝ የተገዘተ ይሁን አልኩ። ሕዝቡ «ይሁን» አለ። ድምፄ ጥሩ ነበር፤ እስከ ማዶው መንደር ተሰምቷል ብለው አመሰገኑኝ።

መምሬ ጌጤ ሲሰሙ አስጠሩኝ። «የጨመርከውን በዓል ማን ያነሳዋል?» አሉኝ። እርሳቸው የሚሉት አልገባኝም። በዚያው ዓመት አረፉ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ እኔ አስተዳዳሪ ሆንኩ።

ዓመታት አለፉ። መሬቱ ለልጅ ልጅ እየተከፈለ ጠበበ። ውርጭ የማያውቀው ወር ጠፋ፤ ማዳበሪያ አንድ ዓመት ይመጣል፣ አንድ ዓመት ይቀራል። ንስሐ ልጆቼ ቤት ስገባ የሚቀርብልኝ ቆሎ እያነሰ ሄደ፤ እኔም እየቆረጠምኩ ባርኬ እወጣ ነበር። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ስቆጥር በእኛ ደብር በወር ውስጥ ማጭድ የሚያዝበት ቀን ከማይያዝበት ብዙም እንደማይበልጥ አየሁ።

ነገሩን ለበላዬ ለወረዳው ሊቀ ካህናት አነሳሁላቸው። መሐል ሜዳ ከተማ ቢሯቸው ገብቼ፣ «እኔ ያሰርኩት ቀን አለ፤ ባነሳው ምን ይመስልዎታል?» አልኳቸው።

«ሕዝቡ ጠይቆሃል?»

«አልጠየቀም።»

«እንግዲያው ምን አስቸኮለህ? ጊዜው ክፉ ነው፤ ሕዝብ የሚያስቀይም ነገር አንፈልግም።»

ልወቅሳቸው አልችልም። እንዲያ እንዲሉኝ ፈልጌ ነበር የሄድኩት፤ ስወጣ ቀለል ብሎኝ ነበር።

አስካለ የንስሐ ልጄ ናት። ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። ሦስት ልጆች አሏት፤ የመጨረሻዋን ወለተ ማርያም ብዬ ያጠመቅኳት እኔ ነኝ። መሬቷ ከደብሩ ቁልቁል የሚታይ አንድ ቁራጭ ማሳ ነው። በዚያ ዓመት የበልጉ ገብስ አምሮላት ነበር። ግን ዝናቡ አላቋርጥ ስላለ ሁሉም የራሱን ለማድረስ ተሯሯጠና የእርሷ የደቦ ተራ ሳይደርስ ሐምሌ ገባ።

የዚያን ሳምንት አቀማመጥ አሁንም በቃሌ እወጣዋለሁ። ረቡዕ አሥራ ሁለት፣ ሚካኤል። ሐሙስ አሥራ ሦስት፣ የሥራ ቀን፤ ሲዘንብ ዋለ። ዓርብ አሥራ አራት፣ የእኔ በዓል። ቅዳሜ በእኛ አገር አይታጨድም። እሑድ ሰንበት ነው፣ ኪዳነ ምሕረትም ናት።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ የሱፍ ባናዋን ተከናንባ ቤቴ መጣች። ውኃው ከላይዋ ይንጠፈጠፋል።

«አባ፣ ነገ የሚያባራ ይመስላል። ገብሱ ደርቆ አንገቱን ደፍቷል። እኔና ትልቁ ልጅ ከነጋ ጀምረን እስከ ማታ እንጨርሰዋለን። ይፍቱኝ።»

«ልጄ፣ ቀኑ እኮ የአገር ነው። እኔ ብቻዬን እንዴት እፈታዋለሁ? ሽማግሌዎቹን ጠይቂ።»

«ያሰሩት እርስዎ አይደሉም እንዴ አባ?»

«ሰኞ ይደርሳል፤ እግዚአብሔር ያውቃል» አልኳት። መስቀሌን ተሳልማ ወጣች። ሽማግሌዎቹ ዘንድ እንደማትሄድ አውቄ ነበር፤ ለእርሷ የሚያደላ ማን አለ?

ዓርብ ዕለት ፀሐይ ወጣች። በዚያ ክረምት እንደዚያ ያለ ቀን አላየንም። ከደጀ ሰላሙ ሆኜ ማሳዋን አየሁት፤ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል፣ አጠገቡ ማንም የለም። ቅዳሜም ፀሐይ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማዶው ጠቆረ። ደወሉን ደወልኩ፣ መስቀሌን ይዤ ወጣሁ። በረዶው ሩብ ሰዓት እንኳ አልቆየም። ሲያልፍ የአስካለ ማሳ ነጭ ነበር፤ በረዶው ሲሟሟ ደግሞ ጥቁር ሆነ።

የሌሎቹ ገብስ ተከምሮ ስለነበር ብዙም አልተጎዱም፤ የተጎዳው ባቄላቸው ነው። ያም ቢሆን አገሬው አጥፊውን ለማውጣት አውጫጭ ተቀመጠ። በዓል የሻረ ካልነበረ በረዶው ለምን መጣ? በሳምንቱ እሑድ ሕዝቡ በደጀ ሰላሙ ተሰብስቦ ሳለ አንድ ሰው ተነሥቶ አስካለን ዓርብ ዕለት ጧት ማሳዋ ዳር ከነማጭዷ አይቻታለሁ አለ።

አስካለ አልካደችም። «አጭጃለሁ። አንድ ነዶ ነው። ለልጆቼ ቆልቼ የምሰጣቸው አጥቼ ነው» አለች።

ከዚያ ወደ እኔ አየች። ሐሙስ ቤቴ መጥታ እንደነበር ልትናገር ትችል ነበር፤ አልተናገረችም። እኔ እስክናገር ጠበቀች። የምለው ነገር አጭርና ግልጽ ነበር፦ ይህች ሴት አስቀድማ ጠይቃኛለች፣ ቀኑም የቤተ ክርስቲያን ትእዛዝ ሳይሆን የእኔ ጭማሪ ነው። ሁለቱንም አውቃለሁ። የሕዝቡን ፊት አየሁና ፈራሁ። ይህን ያህል ዓመት በከንቱ ነው ሥራ ያስፈታኸን ቢሉኝስ? ስለ ሌላው ነገርስ ማን ያምነኛል?

«መምሬ፣ ይበሉ እንጂ» አሉ አያ ሽብሩ።

አልኩ። ለአንድ ዓመት ከሰንበቴው ትውጣ፣ ደቦ አይውጣላት፣ ከእርሷ ጋር እሳት አትጫጫሩ አልኩ። ድምፄ ያን ቀንም ጥሩ ነበር።

የፍልሰታ ጾም ሳይገባ ቤቷን ዘግታ ልጆቿን ይዛ ወደ ቆላ ወረደች። ብዙም ሳይቆይ አገሩ ታመሰ፤ መኪና ቆመ፣ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ከወረደ ሰው ወሬ የሚያመጣ ጠፋ። በየእሑዱ ስለ ሰላም እጸልያለሁ፤ ስለ ፍቅር አስተምራለሁ። የፈረሰ ክዳኗን እያየሁ ነው ይህን ሁሉ የማደርገው።

ዓመቱ ሲሞላ የግዝቷ ጊዜ አለቀ። ልፈታት ብዬ ሁለት ቀን ሙሉ በእግሬ ወረድኩ። ከአፋፉ በታች ባለች የገበያ ከተማ ሐጂ ይማም የሚባሉ ነጋዴ ግቢ ትሠራለች ብለው አመለከቱኝ። ሐጂ ይማም ጨውና ጨርቅ ይሸጣሉ። ከሱቃቸው ደጃፍ ተነሥተው ተቀበሉኝ፤ ውኃ አስመጡልኝ።

«የእርስዎ ልጅ ናት?» አሉኝ።

«የንስሐ አባቷ ነኝ።»

«አባ፣ አይቀየሙኝ» አሉ። «ትንሿ ልጅ ባለፈው ጥቅምት ወባ ይዟት ሞታለች። ሬሳዋን ቤተ ክርስቲያናችሁ ድረስ ያደረስነው እኔና ወንድሞቼ ነን። ካህናቱ የንስሐ አባትሽ ማነው ብለው ሲጠይቋት፣ የለኝም አለች። እንግዳ ናት፣ እዘኑላት ብዬ እኔ ነኝ የለመንኩላት።»

ወለተ ማርያም ስድስት ዓመቷ ነበር። ያጠመቅኳትን ልጅ መሞት ከዘጠኝ ወር በኋላ ከአንድ እስላም ነጋዴ አፍ ሰማሁ። እሳቸው እስከ መቃብር ወስደዋታል፤ እኔ ከቤቷ አስወጥቻታለሁ። እዚያው ሱቅ ደጃፍ ላይ አለቀስኩ፤ ሐጂ ይማም ሰው እንዳያየኝ መጋረጃውን ለቀቁት።

አስካለ ከጓሮ መጣች። ከስታለች። ሰላም አለችኝ፤ መስቀሌን ግን አልተሳለመችም።

«ልፈታሽ ነው የመጣሁት» አልኳት።

«እኔን ብቻ ነው አባ? ወይስ ቀኑንም?»

ጠየቀችኝ እንጂ አልተቆጣችም። ቀኑን አላሰብኩትም ነበር። እውነቱን ነገርኳት።

«እንግዲያው ምን ያደርግልኛል?» አለች። «ወደ ላይ ብወጣ ያው ቀን ይጠብቀኛል። እኔ እዚህ እሠራለሁ። ላይ ያሉትን ይፍቷቸው።»

ተመለስኩ። በመጀመሪያው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ያው ቦታ ላይ ቆምኩ። አሥራ አራትን ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ ቤተ ክርስቲያን አላዘዘችኝም፤ ስታመሰግኑኝ ደስ ስላለኝ ነው አልኩ። አስካለ ከአንድ ቀን በፊት መጥታ ለምናኝ እንደነበር፣ እኔ ፈርቼ እንደ ዘጋሁባት፣ ልጇም እንደ ሞተች ነገርኳቸው። የትኛው በዓል ከሥርዓቱ፣ የትኛው ከልማድ እንደሆነ አንድ በአንድ ዘረዘርኩ። ከዚያ ቀኑን ፈታሁ።

ማንም «ይሁን» አላለም። አያ ሽብሩ መቋሚያቸውን አንሥተው፣ «ይህን ያኔ ቢነግሩን ኖሮ እኛ ሰው እንበላ ነበር?» አሉኝና ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ቤቴን አልረገጡም። ከንስሐ ልጆቼ ግማሹ ወደ ሌላ ካህን ዞረ። ሊቀ ካህናቱም ጠርተው ያለ ፈቃድ ሕዝብ አሸብረሃል አሉኝና ከአስተዳዳሪነት አነሡኝ። አልተከራከርኩም።

አሁን በአሥራ አራት ቀን አንዳንዱ ያጭዳል፣ አንዳንዱ አያጭድም። በረዶ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል።

እኔ በተራ ቅስና እያገለገልኩ ነው። ወጣት ካህናት ሲመጡ ይህንኑ እነግራቸዋለሁ። በተቸገረ ሕዝብ ላይ ቀንበር የጫነ ካህን ራሱ ያንሣው፤ ሕዝቡ እስኪጠይቀው፣ አለቃው እስኪፈቅድለት አይጠብቅ። የሚያነሣውም እህሉ ማሳ ላይ ቆሞ ሳለ ይሁን። እኔ አንድ ዓመት ከሁለት ሳምንት ዘግይቼ ተናገርኩ፤ አስካለ አልተመለሰችም።