ድብ ያሸተተው ነሐስ

ልጅ ሆኜ አሜሪካ፣ ዴ ሞይን ከተማ ስንኖር፣ አውሮፕላን በአናታችን ባለፈ ቁጥር መስኮቱ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አባቴ ግን ድምፁን ከፍ ያደርጋል እንጂ ተረቱን አያቋርጥም። አገር ቤት መሬት ቀያሽ ነበር። እዚህ ታክሲ እየነዳ፣ የድሮ አሜሪካውያን ቀያሾች የሠሩባቸውን የነሐስ ዕቃዎች፣ ሰው አሮጌ ንብረቱን ደጁ ላይ ከሚሸጥበት ከየጋራዥ ሴሉ ይለቅም ነበር፦ ኮምፓሱን፣ ባለሦስት እግሩን፣ መነጽር ያለውን ማዕዘን መለኪያ ቴዎዶላይት፣ የመለኪያ ሰንሰለቱን።

የክረምቱ ነፋስ መብራት ሲያጠፋብን ሻማ ያበራና አንዱን ጉልበቱ ላይ ያስቀምጣል። ያኔ የነሐሱ ጥቁረትና እድፍ ሁሉ ለእሱ የተረት መነሻ ነበር። ጣቱን አንዷ ነጥብ ላይ አሳርፎ፣ «ይቺን አየሃት? ድብ ያሸተታት ናት!» ይላል። ቀያሹ ዛፍ ላይ ወጥቶ ሲንዘፈዘፍ፣ ድቡ በቴዎዶላይቱ መነጽር ቢያይ ሰውየው ተራራ አክሎ ታየውና እግሬ አውጪኝ አለ። «ሪሊ?» ስለው፣ «ምን ሪሊ ትለኛለህ! እድፉ ይኸው አይደል እንዴ?» ብሎ ይቆጣል። አማርኛ የተማርኩት እዚያ ሻማ ሥር ነው።

እናቴ ኤርፖርት ጽዳት ትሠራ ነበር። አንድ ቅዳሜ፣ ለልደቱ ላስደስተው ብላ፣ እሱ ሥራ ላይ ሳለ መዝሙር እያንጎራጎረች የነሐስ ዕቃዎቹን ሁሉ ፈተገቻቸው። ጥቁረቱ ለቀቀ፣ እድፉ ጠፋ፣ የኮምፓሱ ቁጥር ሳይቀር ተፍቆ ወጣ።

አባቴ ገብቶ አየ። አንዱን አንሥቶ ወደ መስኮቱ አዞረው፣ አገላበጠው። በጣቱ እድፉን ፈለገ። ከዚያ፣ «እጅሽ ይባረክ፤ ወርቅ አደረግሽው» አላትና ግንባሯን ሳማት። እሷ በደስታ አለቀሰች።

ከዚያ ወዲያ ተረት የለም። መብራት በጠፋበት ምሽት ኮምፓሱን አምጥቼ ጉልበቱ ላይ አኖርኩለት። ዳበሰው፣ ዳበሰውና፣ «ምኑን ልንገርህ ልጄ? ምንም የለበትም እኮ» አለኝ። ሻማውን እፍ ብሎ ገብቶ ተኛ። ዕቃ መልቀሙንም ተወ።

አባቴ ከሞተ ሰንብቷል። ለልጆቼ ልንገራቸው ብዬ ስነሣ፣ ከዚያ ሁሉ ተረት አንዱን፣ የድቡን ብቻ አስታውሳለሁ፤ ሌላው ድራሹ ጠፍቷል። ማንን ልውቀስ? ሌባ ወስዶት ቢሆን ረግሜው ይወጣልኝ ነበር። እናቴ ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ ዕቃዎቹን ትፈትጋቸዋለች። በስልክ ኮል አድርጋ፣ «አባትህ የሚወዳቸውን እንደ መስታወት አደረግኳቸው፤ ሶ፣ መጥተህ እያቸው» ትለኛለች።

«እጅሽ ይባረክ፣ እማዬ» እላታለሁ። ሌላ ምን ይባላል?