ምኩሉ የተነሳ ዕለት

ሮዘተንቪል በሚባል የከተማ ሰፈር ልጅ ሳለሁ፣ ተረት ለመስማት በመኪና አምስት ሰዓት መጓዝ ነበረብኝ። አባቴ ቅዳሜ ማለዳ ስፓዛ የሚሏትን ትንሽ የሰፈር ሱቁን ለአጎቴ ይተውና ለአማቶቹ ስኳሩን፣ ሻይ ቅጠሉን፣ የበቆሎ ዱቄቱን ባኪ በምንላት አሮጌ ፒክአፕ ላይ ይጭናል። ሦስታችን ፊት ላይ ተጣብቀን ወደ ናታል፣ ወደ እናቴ መንደር እንነዳለን። ስንቃረብ አባቴ መስተዋቱን ወደ ራሱ አዙሮ ኮሌታውን እያስተካከለ፣ «ዛሬስ አማች ብለው ይጠሩኝ ይሆን?» ይላል። እናቴ ዙሉ ናት፤ ከእሱ በለመደችው አማርኛ «አንተ ደግሞ!» ብላ ታልፈዋለች።

የእናቴ አባት፣ ምኩሉ የምንለው፣ ጉልበቱን የሚያመው፣ ያለ ዱላ ከወንበሩ የማይነሳ ሽማግሌ ነበር። በቀን ተረት ያወራ ቀንድ ያበቅላል ስለሚለን፣ ግንባሬን እየዳበስኩ ፀሐይ እስክትጠልቅ እጠብቃለሁ። ሲመሽ ክቡ ጎጆ ውስጥ እንጨቱ ይጨሳል፣ ዓይን ያቃጥላል፤ ያኔ ምኩሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲጀምር ግን ጭሱም ረሃቡም ይረሳኛል። ጅብ ሲሆን ጅብ ነው፣ ወንዝ ሲሆን ወንዝ። ወይ ምኩሉ! እንደሱ ያለ ተረት አዋቂ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

የሚያናድደኝ አንድ ነገር ነበር፤ አባቴ ሲገባ ተረቱን ይቆርጠዋል። አባቴ የሆሳዕና ልጅ ነው፤ እንጨት ይዞ ይገባና እጁን አጣምሮ ጥግ ላይ ይቆማል። ተቀመጥ የሚለው ሲያጣ ወጥቶ ባኪዋን ይወለውላል። ምኩሉ ያን ሁሉ ዓመት የሚጠራው «ባለሱቁ» እያለ ነው፤ ምን እንዳስቀየመው ለማንም አይናገርም።

ስምንት ዓመቴ ይመስለኛል፣ አንድ ምሽት አባቴ ሲገባ ምኩሉ ተረቱን አላቆመም። አዲስ ጀመረ። ያረጀ አንበሳ ነበር፤ አንድ ቀበሮ ሥጋ ይዞለት ይመጣል፣ ግን አይቀመጥም፤ አንበሳው ራስ ላይ ቆሞ መቼ እንደሚደክም ያያል። ምኩሉ ይህን ሲያወራ ዓይኑን ከአባቴ ላይ አልነቀለም። የአባቴ ዙሉ የሱቅ ዙሉ ነው፣ ከዳቦና ከስኳር አያልፍም፤ ምስኪን፣ ፈገግ ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። እኔ ግን ገባኝ።

«አባቴ ቀበሮ አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። እናቴ ከሴት አያቴ ጋር ማዶ ማብሰያ ቤት ስለነበረች አፌን የሚይዝ አልነበረም።

ምኩሉ አልተቆጣም። «ታዲያ ለምን ሽማግሌ ራስ ላይ ይቆማል? እኛ ጋ ልጅ ገብቶ ወዲያው ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። የሚቆም ጠብ የፈለገ ነው» አለኝ።

«ተቀመጥ እስክትለው እየጠበቀ ነዋ! በእሱ አገር ትልቅ ሰው ሳይፈቅድ አይቀመጡም። ለአንተ ክብር ነው የሚቆመው!»

ምኩሉ ፍሙን ቆሰቆሰ። ከዚያ ዱላውን ተመርኩዞ እያቃሰተ ከወንበሩ ተነሳ። ለአባቴ ቆመለት!

«ኧረ በእግዚአብሔር! ምን አጥፍቼ ነው?» አለኝ አባቴ ደንግጦ።

«ምንም! ባንተ አገር ደንብ እያከበረህ ነው። አንተም በእሱ ደንብ ቁጭ በል» አልኩት።

አባቴ በዚያ በተተኮሰ የቅዳሜ ሱሪው መሬት ላይ፣ ምኩሉ እግር ሥር ቁጭ አለ። ምኩሉ ትከሻውን ይዞ «ምክዌኛና» አለው፣ አማቼ ማለቱ ነው። ያችን ቃል አባቴ ሲጠብቃት ኖሮ በደንብ ያውቃታል። እንባውን መያዝ አልቻለም፤ እኔም አብሬው አለቀስኩ። ምኩሉ ቀስ ብሎ ተቀመጠና «ለካ ቀበሮ አልነበረም» ብሎ ተረቱን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረልን።

ምኩሉ ካለፈ ቆየ። ከተረቶቹ ብዙዎቹ ጠፍተውብኛል፤ ያ አነሳሱ ግን ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። አሁን ያረጁት ወላጆቼ ናቸው፤ ሱቁን ትተው እዚያው መንደር ገብተዋል። በዚያው መንገድ ወደ አማቶቹ የሚነዳው ደግሞ የዚሁ አገር፣ የካትሌሆንግ ልጅ የሆነው ባለቤቴ ነው። እሱ እንደገባ ወዲያው መሬት ላይ ቁጭ ይላል፤ አባቴ ጉልበቱን ይዞ እያቃሰተ ይነሳለታል።

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ፣ «አያቴ፣ እያመመህ ለምን ትነሳለህ?» አለችው።

«ለእኔም እያመማቸው ተነስተውልኛል» አላት።