እስስቷን ያሞቀች ፀሐይ

የረጠበ ግራዋ ሽታ ሲሸተኝ ሰባ ዓመት ያለፈኝ ሽማግሌ መሆኔ ይቀርና፣ እሪ በከንቱ ቁልቁለቱ ላይ ካለው ግቢያችን አጥር ሥር አንገቴን አስግጌ እስስት የምፈልግ የስምንት ዓመት አመዳም ልጅ እሆናለሁ። ሌላው ሰው ሽታ ሲያስታውሰው የእናቱ ወጥ ወይም የአባቱ ካፖርት ይመጣበታል፤ የእኔ ነገር ድሮም የተገላቢጦሽ ስለሆነ የምትመጣብኝ እስስት ናት፤ እሷን ተከትላም እህቴ ብርቄ።

ብርቄ ያኔ ሦስት ዓመት ሞልቷት አትራመድም ነበር። እናታችን ከእኔ በኋላ የወለደቻቸውን ሁለት ልጆች ቀብራ ስለነበር፣ ይቺን ደግሞ ምች እንዳይመታብኝ፣ የሰው ዓይንም እንዳያርፍባት ብላ፣ የጓዳውን መስኮት በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅጥቃ፣ ልጅቷን ጠቅልላ እዚያው ታስተኛት ነበር። እግሮቿ ቀስት መስለው ጎብጠዋል። ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እሷን ማጫወት የእኔ ሥራ ሆነና፣ አንድ ቀን ዝናቡ ሲያባራ ከግራዋው አጥር ላይ አንዲት እስስት በእንጨት አንስቼ፣ በሳሙና ካርቶን ከትቼ ጓዳ አስገባሁላት። የሰፈሩ ሰው እስስት የነካ ጣቱ ይቆረጣል ይል ስለነበር፣ እናቴ ስታያት ጮኻ መጥረጊያ አነሳች፤ ግን ብርቄ ሳቀች። ሳቋን ከሰማን ስንት ጊዜያችን! እናቴ መጥረጊያውን እንደያዘች ቆማ ቆየችና፣ «በል፣ ከነካካሃት ጣትህን የምቆርጠው እኔ ነኝ!» ብላኝ ወጣች።

እስስት እንዴት እንደምትያዝ የሚያውቅ በአካባቢው ስላልነበረ ሊቁ እኔ ሆንኩ። ውኃ በሲኒ ሳቀርብላት ዞር ብላ እንኳ ስለማታየው ኩራት መስሎኝ ተቀይሜያት ከረምኩ፤ ኋላ ከቅጠል ላይ ጠብታ ስትልስ አየኋትና፣ እናቴ ልብስ ስትተኩስ እንደምታደርገው ውኃ በአፌ ሞልቼ ቅጠሉ ላይ እፍ እል ጀመር፤ ግማሹ ብርቄ ፊት ላይ እያረፈ። ዝንቧን ከፒያሳ ልኳንዳ ቤት ደጃፍ እያጠመድኩ በክብሪት ቀፎ አመጣላት ነበር። ሥጋ ቆራጩ ሲያየኝ፣ «ጎሽ፣ ደንበኛዬ መጣ! ዛሬ ከሻኛው ነው ከጎድኑ?» ይለኝ ነበር። ከሁሉ በላይ የኮራሁበት ጥንቃቄዬ ግን ሌላ ነው፤ ምች እንዳይመታት ብዬ ካርቶኑን በጨርቅ ሸፍኜ አልጋ ሥር አስቀምጣት ነበር። ለብርቄ የሚደረገው ሁሉ ለእሷም ተደረገላት።

መስከረም ጠብቶ ውጪው በፀሐይ ሲጥለቀለቅ፣ እስስቷ እንጨቷን መጨበጥ አቅቷት ትወድቅ ጀመር፤ እግሮቿም ጎበጡ። የእሷ ሁለት ዓይኖች ወደ ሁለት ቦታ ያያሉ፤ የእኔዎቹ ሁለቱም ወደ አንድ ቦታ እያዩ ምንም አላዩም፤ ስለዚህ ዝንብ ጨመርኩላት። በመጨረሻ ግቢያችን ውስጥ ቤት ተከራይቶ አራት ኪሎ ሳይንስ ለሚማረው ለተስፋዬ አሳየሁት።

«ፀሐይስ ታገኛለች?» አለኝ።

«ምች ይመታታላ!»

ሳቀብኝ፤ ከዚያ ዓይኑ ወደ ጓዳው በር ሄደና ሳቁን ተወው። «አጥንት ያለ ፀሐይ አይጠናም። የእሷም፣ የእህትህም።»

«ለእማዬ ንገራታ!»

«ነግሬያቸው ነበር። ‹መጀመሪያ ወልደህ ቅበርና ያኔ ትመክረኛለህ› አሉኝ።»

በጋውን በሙሉ እስስቷን ጠዋት ጠዋት አጥሩ ላይ እያወጣሁ፣ ስትጠግብ ወደ ጥላ እንድትገባ ቅርንጫፍ እያመቻቸሁላት አሞቅኋት። የጎበጠው ባይቃናም፣ ጥር ላይ እንጨቷን ጨምድዳ መውጣት ጀመረች፤ የሰፈሩ ልጆችም «የእስስት ሐኪም» ብለው ስም አወጡልኝ፤ እኔም ደረቴን ነፍቼ ተቀበልኩ።

ብርቄን ያወጣኋት አንድ ቀን ብቻ ነው። እናቴ ገበያ ስትሄድ አዝያት ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። ዓይኗን ጨፍና መዳፏን ዘረጋች፣ ፀሐይዋ ጣቶቿ ላይ ስታርፍም «ሞቀኝ» አለች። በሦስተኛው ቀን ሳል ያዛት። እናቴ፣ «ማነው ያወጣት? ምች መታብኝ እኮ!» እያለች ስታለቅስ እኔ እንደ ካርቶኑ ዝም አልኩ። ተስፋዬ፣ «ጉንፋን ነው፤ ግቢው በሙሉ እያሳለ አይደል? አሁንም አውጣት» ብሎ ቢመክረኝም አላወጣኋትም። ሰፈሩ የሚፈራትን እስስት በእጄ የምይዘው ጀግና፣ የእናቴን ዓይን ፈራሁ። እስስቷን ግን አንድም ቀን ሳላወጣ ቀርቼ አላውቅም።

በበልጉ ዝናብ ሳሉ ወደ ሳንባዋ ወረደ። መርፌ ተወጋች፤ አልሆነም። ሚያዝያ ላይ ቀበርናት።

ሰው ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ እናቴ ወጥታ አጥሩ ጋ መጣች። እስስቷ እንደ ግራዋው አረንጓዴ ሆና ቅርንጫፉ ላይ ትራመድ ነበር።

«ይቺ ልትሞት አልነበር? ምን አድርገህ አዳንካት?»

ዓይኔን ከእስስቷ አልነቀልኩም።

«ፀሐይ ነው?»

«አይ፣ እማዬ። ዝንቡ ነው።»

በዕድሜዬ ብዙ ዋሽቻለሁ፤ አብዛኛውን ለራሴ ጥቅም ነው። ይሄኛውን ለማን ብዬ እንደዋሸሁት እስከ ዛሬ አላውቅም። አርባዋ ሳይወጣ እናቴ ብርድ ልብሱን ከመስኮቱ ነቅላ፣ አጥባ አሰጣችው። እስስቷን ግን ዳግመኛ አልጠየቀችኝም። እኔም በዚያው ሳምንት ለቀቅኋት።

ሰሞኑን በዚያ ባልፍ ሰፈሩ ፈርሷል። ከግቢያችን የቀረው ለግንባታ ከታጠረው ቆርቆሮ ሥር ያቆጠቆጠ አንድ የግራዋ ጉቶ ነው፤ ሌሊት ዘንቦበት ይሸታል። ያን ጊዜ በአንድ ብርድ ልብስ የሚከለከል ብርሃን፣ አሁን ጣራም ግድግዳም ሳይዘው ከጠዋት እስከ ማታ ጓዳችን በነበረበት መሬት ላይ ይውላል፤ የሚሞቀው ግን የለም። መንገዱ ዳር ዓይኔን ጨፍኜ መዳፌን ዘርግቼ ቆምኩ። አንድ ጎረምሳ ክንዴን ያዘኝና፣ «ፋዘር፣ ላሻግርዎት?» አለኝ።

«አይ ልጄ፣ ፀሐይ እየሞቅሁ ነው» አልኩት።