ያልተረዳ መርዶ

ደባርቅ ውስጥ ከቤቴ ጋር በድንጋይ ካብ የሚዋሰን አንድ ጠላ ቤት ነበር። ባለቤቱ ባላቸው የሞቱባቸው ጎረቤቴ ናቸው። ጠላው ሲደርስ በር ላይ እንጨት ተክለው ጣሳ ይደፉበታል። ሚስትም ልጅም የሌለኝ ሰው ስለሆንኩ ጣሳው በታየ ቁጥር መጽሐፌን ይዤ እገባ ነበር።

«መጣህ? ዛሬ ደግሞ ማንን ልታማ ነው የምታነበው?» ይሉኛል።

ለእንግዳ ሲቀዱ እንደ ወጉ በመዳፋቸው ጠብ አድርገው ይቀምሳሉ፤ ምንም እንዳልተጨመረበት ማሳያ ነው። ለእኔ ግን መቅመስ ከተዉ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። «ለቤተሰብ አይቀመስም» ብለው።

አንድ ልጃቸው ጎንደር ጋራዥ ይሠራ ነበር። ጎንደር ለተቃውሞ በተነሣችበት ክረምት የከተማችን ወጣት አንገቱን ስልኩ ላይ ደፍቶ ከረመ። እኔ ማኅበራዊ ሚዲያ የሚሉትን ከመጀመሪያውም አልወደድኩትም። ባሕር ማዶ ሶፋ ላይ ተቀምጦ «ውጡ!» የሚል ጀግና ይበዛበታል እል ነበር፤ አሁንም እላለሁ። ቢሆንም በሰው የማይታወቅ አካውንት ከፍቼ ከሁሉም አብልጬ የማነበው እኔ ነበርኩ።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የልጁ ፎቶ ወጣ። ከሥሩ «ሰማዕት» ይላል፤ ነገ ስድስት ሰዓት ጎንደር ይቀበራል ይላል። ፎቶውን ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ እዚያው ጠላ ቤት በር ላይ፣ የሰጠሁትን ጃኬት ለብሶ።

በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ማለዳ በር ላይ ቆመው ያረዳሉ። አመሻሹ ላይ የእድሩ ዳኛ ግቢ ተገናኘን። ማለዳ ከተረዱ በመጀመሪያው መኪና በዳባት አድርገው ለቀብሩ ይደርሳሉ ተባለ።

«ሬሳውን ያየ ማነው?» አልኩ።



«የልጁ ስልክ ዝግ ነው» አለ አንዱ።

«ዛሬ ጎንደር ውስጥ የማን ስልክ ክፍት ነው?» አልኩት።

ጽሑፉን ብልት በብልት አወጣሁት። የዳባት ልጅ ይለዋል፣ የደባርቅ ነው። ተማሪ ይለዋል፣ መካኒክ ነው። የአባቱን ስም ስቷል። ፎቶውን ማንም ከገጹ ሊወስደው ይችላል። «በሕይወት ያለን ልጅ ሞተ ብላችሁ እናቱን ልታረዱ ነው?» አልኳቸው።

አንድ ሽማግሌ ቄስ፣ «ልጄ፣ ስሕተት ቢሆን እልልታ ነው። እውነት ቢሆንስ?» አሉኝ።

«እውነት ከሆነማ ከነገ ወዲያም እውነት ነው፣ አባ።»

ያነበበ ሰው ቃል ሆነና እርግጡ እስኪታወቅ መርዶውን አቆይተው ተበተኑ።

በማግስቱ ኢንተርኔቱ ተቋረጠ። ሰው ፊቱ እንዳያጋልጠው ፈርቶ ጠላ ቤቱን ሸሸ። የገባሁት እኔ ብቻ ነኝ።

«ሰዉ ምን ሆኗል? ጠላዬ ኮመጠጠ እንዴ?»

«ዘመኑ ነው፣ እትዬ።»

ስድስት ሰዓት ላይ ሁለተኛውን እየቀዱልኝ ነበር።

ማክሰኞ የልጁ የሥራ ባልደረባ ጃኬቱን ጠቅልሎ የእድሩ ዳኛ ግቢ መጣ። ቅዳሜ በሰዓቱ ቀብረውታል። ጽሑፉንም የጻፈው እሱ ነው። ስለ ስሕተቶቹ ጠየቅኩት፤ ያን ጊዜ እንኳ ጠየቅኩት። «ሬሳው አጠገብ ተቀምጬ ነው የጻፍኩት፣ ጋሼ» አለኝ።

ረቡዕ ማለዳ እናቱ ሲረዱ ከሁሉም ኋላ ቆሜ ነበር። በሠልስቱ ማን መርዶውን እንዳስቆመ ሰው ነግሯቸው ኖሮ፣ ድንኳኑ ውስጥ በስሜ ጠርተው አስቀረቡኝ።

«አንተ ታውቃለህና ንገረኝ። ልጄ አፈር ሲገባ እኔ ምን እየሠራሁ ነበር?»

ዐውቅ ነበር።

ወጣቶቹ ካድሬ ነው አሉኝ፤ ይህን እንኳ ተመስገን ብዬ ተቀበልኩት፤ ከእውነቱ ይሻላል። እውነቱ፣ ማስረጃ የጠየቅኩት ስለ ማስረጃ ብዬ አልነበረም። ማለዳ እዚያ በር ላይ መቆም ፈርቼ ነው። ደባርቅ ላይ አንኳኩቼ የምገባበት ሌላ በር አልነበረኝም።

ከሙት ዓመቱ በኋላ ጣሳው እንደገና ተሰቀለ። ሦስት ቀን ከካቡ ማዶ ሳየው ሰነበትኩና በአራተኛው መጽሐፍ ሳልይዝ ገባሁ። ማንን ልታማ ነው አላሉኝም። ቀዱልኝ። ከመስጠታቸው በፊት መዳፋቸው ላይ ጠብ አደረጉና ቀመሱ።